የሚታይ ሕዝብና የሚናገር ሕዝብ፤ በደቡብ ኦሞ ለልጆችና ለወጣቶች ስለሚደረግ የመጻሕፍት ምርጫ

ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ብዛቱ ነው፤ ቁጥር በዘገባ ላይ ለማስፈር ይመቻልና። በጂንካና በደቡብ ኦሞ አካባቢ ግን ከቁጥር ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም የሐመር፣ የሙርሲ ወይም የዳሰነች ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ፣ የእርሱ ወገን የሆነ ሰው ሲያስብ፣ ሲናገርና ሲሠራ ያገኘዋልን? ወይስ ለሌላ ሰው ዓይን የተዘጋጀ ትርኢት ሆኖ ብቻ ያየዋል?

ጥያቄው የቆየ ሥር አለው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሒደት 15 ቋንቋዎችን ለማስተማሪያነት ያዋለ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ከ15ቱ መካከል ግን የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ቋንቋ አንድም አልነበረበትም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በፈቀደ ጊዜ እንደ አሪኛ ላሉ ቋንቋዎች በር ተከፈተ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የንባብ ማስተማሪያ መጻሕፍት በ7 ቋንቋዎች ሲዘጋጁ የአካባቢው ቋንቋዎች እንደገና ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ። ከዚህ የተነሣ ለደስታ የሚነበብ መጽሐፍ ለአብዛኛው የደቡብ ኦሞ ልጅ የሚደርሰው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። ልጁ ቃሉን ለመረዳት የሚያወጣው ጉልበት ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ታሪኩ ያን ድካም የሚክስ መሆን ይኖርበታል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መታተም የጀመረው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ዛሬም ቢሆን ከመደርደሪያ የሚወርድ አይደለም። አጫጭር ነው፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያምራል፤ እንስሳቱም የማንም አገር ዜጋ አይደሉም። ከብት ጠባቂ ልጅ የጅብንና የአንበሳን ጠባይ ከከተማ መምህሩ አብልጦ ስለሚያውቅ፣ በዚህ ትምህርት ሰዓት አዋቂው እርሱ ሊሆን ይችላል። ችግሩ በመጽሐፉ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ተረቱ ገና ሳይጣጣም «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ልጁም መምህሩ የሚጠብቀውን ምክር መልሶ ይሰጣል። ጅቡ ያደረገው ነገር እውነት ይመስል እንደሆነ ወይም በእርሱ አገር ተረት ጅብ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቀው ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የወጣው የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሞኙ ማሞ ታሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሳካል። ማሞ እናቱ ለአንዱ ነገር የሰጠችውን ምክር ለማይሆነው ለሌላው ነገር እያዋለ ይሳሳታል። በእንግሊዞች ዘንድም ስለ ሰነፉ ጃክ የሚነገር ተመሳሳይ ተረት አለ። የመጽሐፉ ብልኀት አንባቢውን ከባለታሪኩ በላይ አዋቂ ማድረጉ ነው፤ ልጁ ማሞ ከመሳሳቱ በፊት ስሕተቱን ስለሚያየው አስረጂ ሳያስፈልገው ይስቃል። በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ልጅ ከመጽሐፍ ፊት ብዙ ጊዜ ራሱን አላዋቂ ሆኖ ስለሚያገኘው፣ ለአንድ ሰዓት አዋቂ መሆን ቀላል ስጦታ አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገጽ መቀመጣቸውም ነገ አንዱ ዓምድ በሐመርኛ ወይም በአሪኛ ሊተካ እንደሚችል ያመለክታል።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቆመው በእንግሊዝኛ የተጻፈው የኤልዛቤት ሌርድ ልብ ወለድ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «የቆሻሻው ንጉሥ»፣ ጠንካራ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና የተገናኙትን የድሀውንና የሀብታሙን ልጅ፣ ማሞንና ዳኒን፣ ያለ ሐሰተኛ ርኅራኄ ይሥላል። ሆኖም ማሞ ተታልሎ ወደ ገጠር ተወስዶ ሲሸጥ የሚሰጠው ሥራ ከብት ጥበቃ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ይህ ሥራ የመከራ መልክ ብቻ ነው ያለው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ግልጽ ነው። ከብት ክብሩና የቤተሰቡ ስም ለሆነለት ወጣት ግን ገጹ ሌላ ነገር ይናገራል። ይህም መጽሐፉን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም በጂንካ ክፍል ውስጥ ሊነሣ የሚችለው ምርጥ ክርክር ከዚሁ ይወጣል፤ ክፋቱ በሥራው ነው ወይስ በአሠሪው?

ልብ ወለድ ካልሆኑት መጻሕፍት መካከል ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው፣ ስለ አካባቢው ሕዝቦች የሚወጣው ባለ ፎቶግራፍ መጽሐፍ ነው። ወረቀቱ የሚያንጸባርቅ፣ ዋጋው ውድ፣ ሲለገስም ደስ የሚያሰኝ ነው። የከንፈር ገሉ፣ የሰውነት ቅቡ፣ የከብት ዝላዩ ሁሉ አለ፤ የባለቤቱ ስም ግን ከሥዕሉ ግርጌ የለም፤ ጎሳው ብቻ ይጠቀሳል። በአንጻሩ ዣን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ካሳተሟቸው 3 ቅጾች ሁለተኛው፣ «ባልዳምቤ ያስረዳል» የተባለው፣ የሐመሩ ሰው ባልዳምቤ ስለ ሕዝቡ ሥርዓት በራሱ አንደበት የሚናገርበት ነው። መጽሐፉ ለልጆች የተጻፈ አይደለም፤ ለመራጩ ግን እንደ ሚዛን ያገለግላል። በእጁ ያለው የልጆች መጽሐፍ ሕዝቡ ሲናገር ያሰማል ወይስ ሌላው ስለ እርሱ ሲናገር ብቻ? ይህን በ10 ደቂቃ መለየት ይቻላል። «ኋላ ቀር» የሚለውን ቃል በየገጹ የሚደጋግም መጽሐፍ ደግሞ 10 ደቂቃም አይፈጅም።

የእውቀት መጻሕፍት የታተሙበት ዘመንም መታየት አለበት፤ ለዚህም ከራሱ ከኦሞ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የሪቻርድ ሊኪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1967 በኪቢሽ አካባቢ ያገኘው የሰው ቅሪተ አካል በመጀመሪያ 130,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጠው፤ በ2005 ወደ 195,000 ከፍ አለ፤ በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ገደማ አደረሰው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ የያዘ መጽሐፍ በኪቢሽ ለሚማር ልጅ ስለ ገዛ መሬቱ ያረጀ ነገር ይነግረዋል። ሦስቱን ቁጥሮች አስከትሎ ቁጥሩ የተለወጠበትን ምክንያት የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። የጂኦግራፊ መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። የዳሰነች ገበሬ የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በወንዙ ዳር ማሽላ እንደሚዘራ የሚገልጹት በጊዜያቸው ትክክል ነበሩ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ 3 ከተመረቀ ወዲህ ግን ዓመታዊው ሙላት እንደ ቀድሞው አይመጣም፤ በሌላ በኩል የቱርካና ሐይቅ እየሰፋ የዳሰነችን የግጦሽ መሬት አጥለቅልቋል። ይህን ልጁ በዓይኑ አይቶታል። መጽሐፉ ካላየው ልጁ ከሁለት አንዱን፣ ወይ ዓይኑን ወይ መጽሐፉን፣ መጠራጠር ይገደዳል፤ በፈተና ጊዜ የሚጠራጠረው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን ነው።

የአመራረጡ ሥራ ከማዕከል በሚላክ ዝርዝር ብቻ ሊጠናቀቅ አይችልም። ዝርዝሩ መነሻ ይሁን፤ ነገር ግን ግዥ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ወደ ትምህርት ቤቱ ተልኮ መምህሩ በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ቢያነበው፣ ልጆቹ የት እንደ ሳቁ፣ የት እንደ ጠየቁ፣ የት እንደ አንቀላፉ በአንድ ገጽ ማስታወሻ ይዞ ቢመልስ፣ ገንዘቡ ለማይነበብ መጽሐፍ ከመዋሉ በፊት እውነቱ ይታወቃል። አሪኛ የሚያውቅ መምህር አማርኛውን ገጽ በቃል እየመለሰ ቢያነብ ደግሞ ማስታወሻው እጥፍ ይጠቅማል፤ ለመተርጎም የሚገባው መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ ከዚያው ይለያልና። በጀቱ ለ200 ልዩ ልዩ አርእስት ነጠላ ቅጂዎች ወይም ለ20 አርእስት አሥር አሥር ቅጂዎች የሚበቃ ቢሆን ሁለተኛው ይመረጣል፤ አንድ ክፍል ልጆች ስለ አንድ መጽሐፍ ሊከራከሩ የሚችሉት ሁሉም ሲያነቡት ነው።