የኮምፒዩተር ማቀዝቀዣና የጋምቤላ አየር፤ ስለ አንድ የተለመደ ምክር የቀረበ ትችት

ኮምፒዩተሩ ከመጠን በላይ ለሚሞቅበት ሰው በየሱቁም ሆነ በየመመሪያው የሚሰጠው የተለመደ ምክር «የተሻለ ሂትሲንክ ግዛ» የሚል ነው። ይህ ምክር ለጋምቤላ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የምክሩን እውነተኛ ወገን መካድ አይገባም። የፕሮሰሰሩ ሙቀት በቴርማል ፔስቱ በኩል ወደ ሂትሲንኩ ብረት፥ ከብረቱ ወደ ክንፎቹ፥ ከክንፎቹም ወደ አየሩ ይተላለፋል። መዳብ ከአሉሚኒየም ይልቅ ሙቀትን አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፤ የክንፎቹም ስፋት በጨመረ መጠን አየሩ የሚወስደው ሙቀት ይጨምራል። እንግዲህ የሂትሲንክ ጥራት ከንቱ ነገር አይደለም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ጥራቱ ከምን ተነሥቶ እንደሚለካ ሲዘነጋ ነው። ሂትሲንክ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፕሮሰሰሩን ከሚያገኘው አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። የጥራት ሰንጠረዦች ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጁት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። በባሮ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው በጋምቤላ ከተማ ግን በየካቲትና በመጋቢት የቀትሩ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል።

ነገሩን በምሳሌ እናስላው። 150 ዋት ሙቀት በሚያወጣ ኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥ በሴኮንድ 15 ሊትር አየር ቢያልፍ አየሩ በ9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ 5 ሊትር ብቻ ቢያልፍ ግን በ28 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አየሩ በሣጥኑ ውስጥ በሙሉ ይደባለቃል እንበል። ፕሮሰሰሩን ከአካባቢው አየር በ30 ዲግሪ ብቻ አስበልጦ የሚይዝ ምርጥ ሂትሲንክ በታፈነው ሣጥን ውስጥ ቢገባ፥ 40 ሲደመር 28 ሲደመር 30፥ 98 ዲግሪ ይሆናል። በ45 ዲግሪ አስበልጦ የሚይዘው ተራ ሂትሲንክ ግን አየር በሚገባበት ሣጥን ውስጥ 94 ዲግሪ ነው። ርካሹ ውዱን በለጠ ማለት ነው። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ፥ እነዚህ ጥቂት ዲግሪዎች ቀላል አይደሉም። በአዲስ አበባ፥ ክፍሉ 22 ዲግሪ በሆነበት፥ የሁለቱም ሙቀት ከዚህ ወሰን በብዙ ስለሚርቅ ስሕተቱ ተሸፍኖ ይቀራል።

የሣጥኑ አየር ችላ የማይባል መሆኑን አምራቾችም ያውቁታል። ኢንቴል በ2004 እ.ኤ.አ. ቢቲኤክስ የተባለውን አሠራር ያወጣው ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ እንዲያልፍ ብሎ ነበር፤ በ2006 ቢተወውም የሐሳቡ መነሻ ትክክል ነበር።

በእኛ አገር ግን ሣጥኑ በተዘጋ የጠረጴዛ ሆድ ውስጥ ይሰየማል፤ ጀርባው ከግድግዳ ይለጠፋል፤ አንዳንዴም የጥልፍ ልብስ ይደረብበታል። ክዳኑን ከፍቶ መተውም አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም፤ የአየሩ መንገድ ይበተናል፥ አቧራና ነፍሳትም ይገባሉ። ኤርኮንዲሽነር ይበቃል የሚል ቢኖር፥ መብራት ሲቋረጥ በዩፒኤስ የሚሠራው ኮምፒዩተር መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

ጉዳቱ የዲግሪ ብቻ አይደለም። በሙቀት የዘገየ ኮምፒዩተር «አረጀ» ተብሎ በሕዝብ ገንዘብ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም በዚያው በታፈነ ቦታ ይቀመጣል።

ስለዚህ በበኩላችን ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ እናሳስባለን፤ አስቀድሞ የአየሩ መግቢያና መውጫ ይከፈት፥ አቧራው ይጠረግ፥ ብረቱ ከዚያ በኋላ ይመረጥ። በጋምቤላ የሚማሩ ጓደኞቻችንም ሁለት ሂትሲንኮችን በሁለት ሣጥኖች እያፈራረቁ፥ የክፍሉንም ሙቀት እየመዘገቡ በመጋቢት ቀትር ቢለኩ፥ ከብርድ አገር ሰንጠረዥ የሚሻል ለቆላው የሚሆን ሰንጠረዥ ሊያወጡልን ይችላሉ።