አንዱን ሜዳ ሰባት ጊዜ ማንበብ፦ «ሱፐር ማሪዮ 64» በዳግም ዕይታ

«ሱፐር ማሪዮ 64» ሲጀምር ተጫዋቹን ከጠላት ጋር አያፋጥጠውም። ልዕልት ፒች ኬክ ጋግራ ማሪዮን ወደ ቤተ መንግሥቷ የጠራችበት ደብዳቤ ይነበባል፤ ከዚያ ከሣሩ መካከል አረንጓዴ ቧንቧ ብቅ ይልና ማሪዮ ዘሎ ይወጣል። የቆመው ግቢ ውስጥ ነው። ዛፎች አሉ፣ ቤተ መንግሥቱን የከበበ ውኃ አለ፣ ድልድይ አለ። የሚያሳድደው የለም፤ የሚቆጥርበት ሰዓትም የለም። ባለፈው ክረምት ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ ስጫወት የዐሥር ዓመቷ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበረችና ጆይስቲኩን ሰጠኋት። «ጋሼ፣ የት ነው የምሄደው?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ጫፉ ላይ ማሪዮ በእጁ ሲቆም ሳቀች። ውኃው ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ መሬት ላይ ያለ የብረት ፍርግርግ አግኝታ ደጋግማ ረገጠችው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የገባችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጨዋታ ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ባለ ሦስት አውታር፣ በተለምዶ ስሪዲ የምንለው፣ የዝላይ ጨዋታ ይባላል። አይደለም። «አልፋ ዌቭስ» በ1990 እ.ኤ.አ.፣ «ጃምፒንግ ፍላሽ» ደግሞ በ1995 ቀድመውታል። በአውራ ጣት እየተገፋ የእንቅስቃሴን መጠን የሚለካው ዘንግም ቢሆን በ1982 ከወጣው የጨዋታ መሣሪያ ከቬክትሬክስ ጀምሮ የነበረ ነው። ቀዳሚነት ብቻውን የአንድን ሥራ ዕድሜ አያረዝምም፤ ቢያረዝም ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ «አልፋ ዌቭስ» በሆነ ነበር። «ሱፐር ማሪዮ 64»ን ያኖረው ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ መመለስን የጨዋታው ዋና ሐሳብ አድርጎ መያዙ።

መመለስ የሚያስደስተው ግን መሄዱ ራሱ ሲጥም ነው። ሺገሩ ሚያሞቶ የመሩት ቡድን ሥራውን የጀመረው ከሜዳዎቹ አይደለም፤ ማሪዮ ባዶ ቦታ ላይ ጥንቸል እያሳደደ ሲሮጥ ደስ እስኪል ድረስ እንቅስቃሴውን በማረቅ ነው። ጥንቸሉ ዛሬም በቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ይሮጣል፤ ስሙ ሚፕስ ይባላል፣ የወጣለትም የጨዋታው መሣሪያ በሆነው በኒንቴንዶ 64 አንጎል፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ስም ነው። ዘንጉን በትንሹ ሲገፉት ማሪዮ በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፤ ጨመር ሲያደርጉት ይሄዳል፤ እስከ ጫፍ ሲገፉት ይሮጣል። እየሮጠ ድንገት ወደ ኋላ ሲዞር ይንሸራተታል፤ በዚያች ቅጽበት ከዘለለ በጎኑ ተገልብጦ ከተራ ዝላይ በላይ ይወጣል። ሦስት ዝላይ ሲከታተል ሦስተኛው ከሁሉ ይልቃል። ቁጢጥ ብሎ ከዘለለ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ እየሮጠ ቁጢጥ ብሎ ከዘለለ ደግሞ ወደ ፊት ረጅም ርቀት ይምዘገዘጋል። እነዚህ ሁሉ ገና ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በተጫዋቹ እጅ ናቸው። ከጥቂት ልዩ ቆቦች በቀር ማሪዮ በ120 ኮከብ ጉዞው የሚጨምረው ችሎታ የለም፤ የሚያድገው የተጫዋቹ ጣት ነው።

የዚህ ምርጫ ክብደት የሚታየው ከዘመን ጓደኞቹ አጠገብ ሲቀመጥ ነው። እንደ እርሱ በ1996 የወጣው «ክራሽ ባንዲኩት» ሦስተኛውን አውታር እንደ ኮሪደር ተጠቅሞበታል፤ ተጫዋቹ ወደ ውስጥ ይሮጣል፣ መንገዱ ግን አንድ ነው። «ቱም ሬይደር» ዓለሙን በእኩል ካሬዎች ሸንሽኖ ዝላይን በካሬ አስለክቷል፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ላራ ከመዝለሏ በፊት ተጫዋቹ ያሰላል። ሁለቱም ብልህ መፍትሔዎች ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛውን እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ስፋትን ፈርተዋል። ማሪዮ አልፈራም። «ዎምፕስ ፎርትረስ» በተባለው ሁለተኛው ሜዳ፣ ማለትም በምሽጉ ላይ ተኝተው የሚያንኮራፉ ሥጋ በል እጽዋት አሉ፤ የእሹሩሩ ዜማ ይሰማል። ሮጦ የቀረበ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ዘንጉን በስሱ ገፍቶ በጣቶቹ የቀረበ ግን አጠገባቸው ይደርሳል። እዚህ ላይ የአውራ ጣት ግፊት የጠባይ መግለጫ ይሆናል፤ ተጫዋቹ ቀስ ማለትን በሰውነቱ ይማራል።

አሁን ወደ መመለሱ ልምጣ። በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ስዕሎች ተሰቅለዋል፤ ማሪዮ ወደ ስዕሉ ሲዘልል ሸራው እንደ ውኃ ይሞገዳል፣ ከበስተጀርባውም አንድ ሜዳ አለ። ሜዳዎቹ 15 ናቸው። እያንዳንዱ ስም ያላቸው ስድስት ኮከቦችና 100 ሳንቲም ለሰበሰበ የሚሰጥ አንድ ኮከብ አለው፤ ቀሪዎቹ 15 ኮከቦች በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተደብቀዋል። ስለዚህ ጨዋታውን የጨረሰ ሰው የሄደው ወደ 120 ቦታ አይደለም፤ ወደ ጥቂት ቦታዎች ደጋግሞ ነው። ካሴቱ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ቦታ መቆጠብ ግድ ነበር ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ችግር የወለደው ሁሉ ውብ አይሆንም፤ ይኸኛው ሆኗል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ የአንድምታን ሥርዓት ያውቀዋል፤ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ያነብና «አንድም» እያለ ሌላ ፍች፣ ደግሞም ሌላ ፍች ያወርድለታል። ፊደሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚታይበት አቅጣጫ ነው። ጃፓናውያኑ ይህን ያስቡ ነበር እያልሁ አይደለም። የጨዋታውን አሠራር ለመግለጽ ግን ከዚህ የቀረበ ቃል በቋንቋችን አላገኘሁም። የመጀመሪያውን ሜዳ እንውሰድ። ተራራ አለ፣ በዙሪያው የሚጠማዘዝ መንገድ አለ፣ ቁልቁል የሚንከባለሉ ድቡልቡል ብረቶች አሉ። በመጀመሪያው ጉዞ መንገዱ የጦር መንገድ ነው፤ ጫፍ ላይ ንጉሥ ቦብኦምብ ይጠብቃል፣ ከኋላው ተይዞ ሦስት ጊዜ መጣል አለበት። ከተራራው ላይ ወደ ታች የወረወረው ሰው ግን አላሸነፈም፤ ንጉሡ ዘሎ ይመለስና አጭበርብረሃል ይለዋል። አንድም፣ በሁለተኛው ጉዞ ያው መንገድ የሩጫ ውድድር ነው፤ ኩፓ የተባለው ኤሊ መነሻው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተጫዋቹም ትናንት የፈራውን ጥምዝ አሁን በአቋራጭ ይለካዋል። አንድም፣ ሜዳው ከመድፍ አፍ የሚታይ ካርታ ነው። አንድም፣ በእንጨት ላይ የታሰረው ባለ ጥርስ ሰንሰለተኛ፣ እስከ ዛሬ ሲሸሹት የነበረው፣ እንጨቱ ሦስት ጊዜ ሲመታለት ነፃ ወጥቶ የተዘጋውን በር የሚሰብር ሆኖ ይገኛል። ተራራው የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚነበበው ግን ሰባት ጊዜ ነው።

የኮከቦቹ ስሞች ደግሞ እንቆቅልሽ ናቸው። ወደ ስዕሉ ሲገባ አንድ ዐረፍተ ነገር ይነበባል፤ ሌላ መመሪያ የለም፣ ቀስት የለም፣ ካርታ የለም። በምሽጉ ሜዳ አንዱ ስም ግድግዳውን አፍርስ የሚል ነው። የትኛውን? ከሌላው የተለየ ግድግዳ አይታይም። ተጫዋቹ ያንን ምሽግ አራት አምስት ጊዜ ወጥቶታል፤ ሁሉን ያወቀ መስሎት ነበር፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር የሚያውቀውን ቦታ እንግዳ ታደርግበታለች። ከመድፉ ተተኩሶ ማዕዘኑ ሲፈርስ ኮከቡ ብቅ ይላል። የዛሬ ጨዋታዎች ይህን ድፍረት ካጡት ቆዩ።

ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት የሚነሳ አንድ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ተጫዋቹ ስም ያለውን ኮከብ ሲያነሳ ከሜዳው ተጥሎ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይመለሳል። በ1998 የወጣው «ባንጆ ካዙዊ» ይህን ትቶ ተጫዋቹ ሁሉን በአንድ ጉብኝት እንዲለቅም ፈቀደ፤ ብዙዎችም መሻሻል ብለውታል። እኔ በዚህ አልስማማም። መባረሩ ሜዳውን ለመለወጥ ጊዜ ይሰጣል፤ በባሕሩ ሜዳ የሰጠመችው መርከብ በሁለተኛው ጉዞ ተንሳፍፋ ትጠብቃለች፣ የምሽጉ ንጉሥ በአናቱ የቆመበት ቦታ ላይ ግንብ በቅሎ ይገኛል። ከዚህም በላይ አዳራሹን ደጋግሞ ማለፍ ቤተ መንግሥቱን ቤት ያደርገዋል። «ዶንኪ ኮንግ 64» በ1999 አምስት ገጸ ባሕርያት፣ ለየአንዳንዱም የራሱ ቀለም ያለው ሙዝ ይዞ መጣ፤ የወረሰው ቆጠራውን እንጂ ንባቡን አልነበረም።

ስለ ካሜራው ያለው ወቀሳ ግን ተገቢ ነው። ምክንያቱም በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ የማሪዮ «ወደ ፊት» የሚለካው ከካሜራው አቅጣጫ ነው። ካሜራው ግድግዳ ገፍቶት በዝላይ መካከል ሲዞር፣ አውራ ጣት ሳይንቀሳቀስ «ወደ ፊት» የነበረው «ወደ ጎን» ይሆናል፤ ማሪዮም ይወድቃል። በጠባብ ክፍሎችና በሰዓቱ ውስጥ ባለው ሜዳ ይህ ዛሬም ያበሳጫል። ሆኖም ሠሪዎቹ ችግሩን አልደበቁትም። በመግቢያው ላይ ደመና የሚጋልበው ላኪቱ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ካሜራ አንጠልጥሎ ይመጣና ቀራጺው እኔ ነኝ ይላል። ብዙ ቆይቶ፣ መስታወት ያለበት ክፍል ውስጥ ማሪዮ ሲገባ፣ በመስታወቱ ውስጥ ከማሪዮ ኋላ የሚያንዣብበው ላኪቱ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ዓይናችን የነበረው አካል እንዳለው እናያለን። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ይህን ያህል የነካኝ ትዕይንት ጥቂት ነው።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው እኩል አይጸናም። በላይኛው ፎቅ ያሉት ሜዳዎች፣ በተለይ ቀስተ ደመናው ላይ ያለው፣ ከቦታነት ወደ እንቅፋት ሰልፍነት ይወርዳሉ፤ የተነጠለ ወለል በተነጠለ ወለል ላይ ነው። የወደቀ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ሲመለስ የሚያገኘው አዲስ ንባብ የለም፣ ድካም ነው። 100 ሳንቲም መልቀሙም በአብዛኛው ሥራ እንጂ ጨዋታ አይደለም። ከዚህ ወቀሳ የማወጣቸው ሁለት ሜዳዎች አሉ። አንደኛው የሰዓቱ ሜዳ ነው፤ ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ዘሎ የገባ በውስጡ ያለው መዘውር ሁሉ ቆሞ ያገኘዋል። ሌላው ውኃ የሚሞላና የሚጎድልበት ነው፤ ስዕሉን በየትኛው ቁመት ዘሎ እንደገባበት የውኃው ልክ ይወሰናል። በሁለቱም አገባቡ ራሱ የንባቡ ክፍል ነው።

70 ኮከብ ያልያዘ ሰው ከዋናው ጠላት ከባውዘር ጋር ወደሚደረገው የመጨረሻ ፍልሚያ የሚወስደውን ደረጃ ሲወጣ ደረጃው አያልቅም። ኮጂ ኮንዶ ለዚህ የሠሩት ዜማ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል፣ የትም ግን አይደርስም። በጨዋታው ውስጥ መመለስ ጨርሶ ፍሬ የማያፈራበት ቦታ ይህ ነው። ጨዋታውን በፍጥነት ለመጨረስ የሚወዳደሩ ሰዎች ግን ይህንንም አንብበውታል። የረጅም ዝላይ ፍጥነት ወደ ፊት ወሰን ተደርጎለታል፤ ወደ ኋላ ግን አልተደረገለትም። ማሪዮ ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ሲዘልል ሲዘልል ፍጥነቱ ይከማችና ደረጃው ሊመልሰው ከሚችለው በላይ ይሆናል። ኒንቴንዶ በ1997 በጃፓን ባወጣው «ሺንዶ» እትም ቀዳዳውን ደፈነው። በ2019 ደግሞ አፍቃሪዎቹ የጨዋታውን ኮድ ከካሴቱ ወደ ኋላ ተርጉመው ሰው በሚያነበው መልክ መልሰው ጻፉት። አንድን ሥራ ይህን ያህል በቅርበት ያነበበ የአንባቢ ማኅበር በየትኛውም ጥበብ ብርቅ ነው።

በሐምሌ 2021 ያልተከፈተ አንድ ካሴት በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት መጋቢት ኒንቴንዶ ጨዋታውን «ስዊች» ለተባለው መሣሪያው ያወጣበትን ስብስብ ከገበያ አንስቶት ነበር። የጨዋታ ዋጋ በታሸገ ሣጥን ሲለካ የሚጎዳው የጨዋታው ታሪክ ነው፤ የቤተ መጻሕፍትና የሙዚየም ሰዎች ጨዋታን የሚጠብቁ ከሆነ ተከፍቶ የሚጫወትበትን እንዲጠብቁ እለምናለሁ።

120ኛዋ ኮከብ ስትገኝ በግቢው መሬት ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ ይከፈታል። ከሥሩ መድፍ አለ። ማሪዮ ተተኩሶ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ጓደኛው ዮሺ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ የሠሪዎቹን ምስጋና አድርሶ 100 ሕይወት ይሰጠውና ከጣሪያው ዘሎ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ደጋግማ የረገጠችው ያንኑ ፍርግርግ ነበር።