ለአውሬው ሥጋ፣ ለሰው ጦር

«ፋር ክራይ» የተባለው የጌም ተከታታይ በ2004 ከተጀመረ ወዲህ ኑሮው ጠመንጃ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አንዴ የፓስፊክ ደሴት፣ አንዴ ስሙ ያልተጠቀሰ የአፍሪካ አገር፣ አንዴ ሂማላያን የሚመስል የፈጠራ አገር ይወስደናል። ቦታው ቢለዋወጥም ሥራችን አይለወጥም። ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠን የጠላትን ካምፕ እናጠናለን፣ ዘቦቹን አንድ በአንድ እንጥላለን፣ ካምፑ የኛ ይሆናል፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

በፌብሩዋሪ 2016 ግን ዩቢሶፍት «ፋር ክራይ ፕራይማል»ን ይዞ መጣ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 10,000 ዓመት፣ ቦታው ኦሮስ የሚባል በመካከለኛው አውሮፓ ያለ የፈጠራ ሸለቆ። ጠመንጃ የለም፣ መኪና የለም፣ ሬዲዮ የለም። ታካር የሚባል አዳኝ ሆነን የተበተኑ ወገኖቹን፣ ዌንጃዎችን፣ እንሰበስባለን። ከሰሜን ሰው የሚበሉት ኡዳሞች፣ ከደቡብ እሳትና ፀሐይ የሚያመልኩት ኢዚላዎች ይጠብቁናል። በእጃችን ያለው ቀስት፣ ጦር፣ ዱላና ወንጭፍ ነው።

ከተኩስ ጌም ላይ ተኩሱን ማውጣት ከክትፎ ላይ ሥጋውን እንደማውጣት ነው። ብዙ ሰው የጠየቀውም «ታዲያ ምን ይቀራል?» የሚለውን ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ጠመንጃው ሲወጣ ምን አብሮት ወጣ? መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ። ጌሙ ከጦርነት ሌላ መንገድ ሠርቷል፣ ያውም በጣም ቆንጆ አድርጎ። ችግሩ መንገዱን የከፈተው ለአውሬ ብቻ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ምስጋናውን ላስቀድም። ጠመንጃ ሲጠፋ ርቀት ትርጉም ያገኛል። በቀድሞዎቹ ጌሞች ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ያለ ሰው በመነጽር የሚታይ ነጥብ ነበር። እዚህ ቀስቱ ሲሄድ ታዩታላችሁ፣ በአየር ላይ ጎብጦ ይወርዳል፣ ከሳታችሁ ጠላት ነቅቷል። የወረወራችሁትን ጦር ከሬሳው ላይ ነቅላችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ጥይት ሄዶ የሚቀር ነገር ነው፣ ጦር ግን የገደላችሁት ሰው አጠገብ ድረስ እንድትሄዱ ያስገድዳችኋል። ሄዳችሁ ፊቱን ታያላችሁ።

ሌሊቱም እንዲሁ ነው። ከመሸ በኋላ ጫካው የአውሬዎቹ ይሆናል። ተኩላዎቹ በመንጋ ይመጣሉ፣ ዓይናቸው ከጨለማው ውስጥ ያበራል። ዱላችሁን በእንስሳ ስብ አቀጣጥላችሁ ትይዛላችሁ፣ እሳቱ እስካለ አውሬው ይፈራል፣ ስቡ ሲያልቅ ግን አለቀላችሁ። መብራት ሄዶ ሻማ ፍለጋ በዳበሳ የሄደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ብርሃን የሚቆጠርና የሚያልቅ ነገር የሆነበት ጌም ብዙ አልተጫወትኩም።

ቋንቋው ለብቻው ሊወራለት ይገባል። በጌሙ ውስጥ አንድም ሰው እንግሊዝኛ አይናገርም። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምሁራን የሆኑት አንድሩ በርድና ብሬና በርድ ለሦስቱ ነገዶች ሦስት ቋንቋ ሠርተውላቸዋል። መሠረቱ ፕሮቶ ኢንዶ ዩሮፒያን የሚባለው ነው፤ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ሂንዲ፣ ፋርስኛና ራሽያኛ ተወለዱበት የሚባለው ግንድ። አንድም ጽሑፍ አልተገኘለትም፤ ምሁራን የልጅ ልጆቹን መልክ እያነጻጸሩ የአያትየውን ፊት እንደመሳል ነው የገነቡት። አብዛኞቹ ምሁራን ግንዱ የተነገረበትን ዘመን ከጌሙ ዘመን በብዙ ሺህ ዓመት ስለሚያዘገዩት፣ ሁለቱ ባለሙያዎች ወደኋላ ገፋ አድርገው ከዚያም የቀደመ እንዲመስል ማድረግ ነበረባቸው። አማርኛ ከሌላ ቤተሰብ ስለሆነ ከዚህ ውርስ አይደርሰንም። እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለአንዴ እንኳ ለንደን ያለውም ተጫዋች፣ አዲስ አበባ ያለውም ተጫዋች እኩል ባዕድ ሆነው ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ እያነበቡ ተጫወቱ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጠመንጃው ወጣ ሲባል አብረውት የኖሩት ዕቃዎች የት ሄዱ? አልሄዱም፣ ልብስ ቀየሩ። በ«ፋር ክራይ 3» እና «4» ጠላትን ከሩቅ አይተን ምልክት የምናደርግበት ካሜራ ነበር፤ እዚህ ጉጉት ሆኗል። ጉጉቷ በካምፑ ላይ ትዞራለች፣ በዓይኗ እናያለን፣ ጠላቶቹ ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ ቆይቶም ቦምብ ትጥልልናለች። ላባ ያላት ድሮን ናት። የእጅ ቦምቡ ንብ የሞላበት ከረጢት ሆኗል። የሚያዘው ካምፕ አሁንም የሚያዝ ካምፕ ነው፣ ባንዲራው ብቻ የእሳት ደመራ ሆኗል። ጌሙ በወጣ ሰሞን ተጫዋቾች የኦሮስን ካርታ በ«ፋር ክራይ 4» ካርታ ላይ ደርበው መንገዱና ወንዙ ብዙ ቦታ ላይ እንደሚመሳሰል አሳይተዋል።

ሶፍትዌር ስለምሠራ በዚህ አልፈርድም። የሠራኸውን መልሰህ መጠቀም በሙያችን ነውር ሳይሆን ብልህነት ነው። መሬት እንኳ ድሮም ዘንድሮም መሬት ነው፤ አንድ ሸለቆ ሁለት ታሪክ ቢሸከም ምን ክፋት አለው? እኔ የምከሰው ካርታውን ሳይሆን ግሡን ነው። ጌም በግሥ ይኖራል፤ ተጫዋቹ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ነው ትርጉሙን የሚሸከመው። «መተኮስ» ወደ «መወርወር» ሲቀየር ግሡ ስሙን ብቻ ነው የለወጠው።

እንዲህ ስል ግን አንድ እውነተኛ አዲስ ግሥ እንዳለ ሳልረሳ ነው፤ ማላመድ። ሥጋ ትወረውራላችሁ። አውሬው ያሸተዋል፣ እያመነታ ይጠጋል፣ መብላት ይጀምራል። ጎንበስ ብላችሁ፣ ሳትሮጡ፣ ቀስ ብላችሁ ትቀርቡታላችሁ። እጃችሁን ትዘረጋላችሁ፣ ያጉረመርማል፣ ቁልፉን ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ከዚያ ያ ከአንድ ደቂቃ በፊት ሊበላችሁ የነበረው ሴበርቱዝ ወይም የዋሻ አንበሳ አብሯችሁ ይሄዳል። ሲቆስል ሥጋ ታበሉታላችሁ፣ ሲያሻችሁ ታሻሹታላችሁ። በዚህ ጌም ውስጥ ልቤ በትክክል የሚመታው እዚህ ጋ ነው፣ ከየትኛውም ውጊያ በላይ። ምክንያቱም አደጋው አለ፣ መሣሪያው ግን የለም። ያላችሁ ትዕግሥትና ቁራጭ ሥጋ ነው።

ሐረር ለሄደ ሰው ይሄ ተረት አይደለም። ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ሰዎች ጅብ ያበላሉ፣ ጅቦቹም በግንቡ ቀዳዳዎች ገብተው ወጥተው ከከተማው ጋር ይኖራሉ። የሐረሩ ከጌሙ የሚለይበት ነገር ግን አለ። የሐረር ጅብ የማንም ወታደር አይደለም፤ በልቶ ወደ ጫካው ይመለሳል። የታካር አንበሳ ግን ሥጋውን ከበላበት ደቂቃ ጀምሮ በጣት እየተጠቆመለት ሰው የሚገድል የጦር ዕቃ ይሆናል። እንዲህም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ያለችው ያቺ ቅጽበት፣ እጅ ተዘርግቶ ጥርስ ሳይነክስ የሚቀርባት፣ እውነተኛ ናት።

ታዲያ ለምን ለሰው አትሠራም? በኛ ቋንቋ ላስረዳ። ከውጭ ሲታይ ተኩላውም የኡዳም ተዋጊውም አንድ ዓይነት ፍጡር ናቸው፤ ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ይፈራሉ፣ ያጠቃሉ፣ ይሞታሉ። ለአንደኛው «አላምድ» የሚል ፈንክሽን ተጽፎለታል። ሁለተኛው ጋ ስትደርሱ ኤረር እንኳ አይመጣም፤ ቁልፉ ራሱ ስክሪኑ ላይ አይታይም። ሰውን እንደ ውሻ እናልምድ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትይዙብኝ። የምለው ሌላ ማንኛውም ግሥ የለም ነው። መገበያየት የለም፣ ምርኮ መለዋወጥ የለም፣ ሽማግሌ መላክ የለም፣ «እጄን ሰጠሁ» የለም። አያቶቻችን ጦርና ጋሻ ይዘው ሲዋጉም እርቅ የሚባል ነገር ያውቁ ነበር። ኦሮስ ውስጥ ግን አንድ ዌንጃ ከአንድ ኡዳም ጋር ያለው ግንኙነት ከነብር ጋር ካለው ያነሰ ነው።

የሚያናድደው ታሪኩ ራሱ ይሄን ማወቁ ነው። ታካር ዳህ የሚባል የኡዳም ተዋጊና ሮሻኒ የሚባል የኢዚላ ሰው ማርኮ ወደ መንደሩ ያመጣል፤ ሁለቱም ከሱ ሕዝብ ጋር መኖር ይጀምራሉ። የኡዳሞቹ አለቃ ኡል ሕዝቡ በበሽታ እያለቀበት ያለ መሪ ነው፤ ጭካኔው ከዚያ ፍርሃት የሚመነጭ መሆኑ ይገለጥልናል። ሊሞት ሲል ልጆቹን ለገዳዩ አደራ ይሰጣል፣ ታካርም ይቀበላል። በጠቅላላ ተከታታዩ ካየኋቸው ትዕይንቶች ከባዶቹ አንዱ ነው። ግን ትዕይንት ነው፤ እጃችን ከመቆጣጠሪያው ላይ ተነስቶ የምናየው። ምሕረት ሲሆን ጸሐፊዎቹ ያደርጉልናል፣ ግድያ ሲሆን እኛ እናደርጋለን። ከዚያ ትዕይንት ወጥተን ሜዳው ላይ ሌላ ኡዳም ስናገኝ ያለን ቁልፍ ያው የድሮው ነው፤ አደራ የተቀበለው እጅ ተመልሶ ጦር ይወረውራል።

«ዘመኑ እኮ እንደዛ ነበር» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ነበር። ጌሙ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ በጃንዋሪ 2016፣ ኔቸር መጽሔት ላይ ስለ ናታሩክ ታተመ፤ ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት የሞቱ የ27 ሰዎች አጽም። ብዙዎቹ በግፍ የተገደሉ ናቸው፣ ከመሃላቸው ሴቶችና ሕፃናት አሉ። ሱዳን ውስጥ ጀበል ሰሐባ የሚባለው ከ13,000 ዓመት በላይ የሆነው መቃብርም የጦርና የቀስት ቁስል የሞላበት ነው። ጠመንጃ ከመፈልሰፉ በፊት ሰው ሰውን ይገድል ነበር፤ በዚህ ጌሙን የሚከስ ካለ እኔ አልተባበረውም።

ግን ያው መሬት ሌላም ነገር ይመሰክራል። የጀበል ሰሐባ አጽሞች በ2021 እንደገና ሲጠኑ ከሞት ቁስል ጎን የዳኑ ቁስሎች ተገኝተዋል፤ ተወግተው ተርፈው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ኢራቅ ውስጥ በሻኒዳር ዋሻ የተገኘ አንድ ኒያንደርታል ቀኝ እጁ የሰለለ፣ ፊቱ ላይ በደረሰበት ምት አንድ ዓይኑ ሳይጠፋ አልቀረም የሚባል ሰው ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ለብዙ ዓመት ኖሯል። ያለ ረዳት ይኖር ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ኡዳሞች ኒያንደርታልን እንዲመስሉ ተደርገው የተሳሉ ናቸው። ኒያንደርታሎች ግን ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው የጠፉት፤ ጌሙ ለታሪኩ ሲል ዕድሜያቸውን አራዝሞላቸዋል። በ2010 የታተመው የዘረመል ጥናት ደግሞ ከኛ ዓይነቱ ሰው ጋር መዋለዳቸውን አሳየ፤ ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሰዎች ዘረመል 2 በመቶ ያህሉ ከነሱ የመጣ ነው። ከተገናኙት ውስጥ ቢያንስ ጥቂቶቹ ከመዋጋት ሌላ ነገርም አድርገዋል ማለት ነው። የኡል ልጆች ታሪክ፣ በልብ ወለድ ልብሱ ውስጥ፣ ከሳይንሱ ጋር በጣም ይቀራረባል። ትክክለኛው ግምት ጸሐፊዎቹ እጅ ነበረ፣ ወደ ተጫዋቹ እጅ አልደረሰም።

«በቴክኒክ አይቻልም» የሚል ደግሞ ካለ፣ በሴፕቴምበር 2015 ብቻ ሁለት ጌም ወጥቷል። «ሜታል ጊር ሶሊድ 5» ውስጥ የጠላትን ወታደር በፊኛ አንስታችሁ ወደ ሰፈራችሁ ወስዳችሁ ባልደረባ ታደርጉታላችሁ። «አንደርቴል» ውስጥ ማንንም ሳትገድሉ እስከ መጨረሻ መሄድ ትችላላችሁ፣ ጌሙም ያደረጋችሁትን ያስታውሳል። አንደኛው ግዙፍ በጀት ያለው፣ ሌላኛው በአመዛኙ የአንድ ሰው ሥራ። ስለዚህ ገንዘብም ጉልበትም አይደለም የጎደለው።

የጎደለው ግምት ይመስለኛል። ሰው ከጥንት ጀምሮ ሥሪቱ ይሄ ነው የሚል ግምት፤ ጠመንጃውን ንጠቀው፣ ዱላ ያነሳል። በጠመንጃ ዘመን የሚኖር ሰው ይሄን ቢያምን አይገርመኝም፤ ዜናውን ብቻ ብንሰማ እኛም ወደዚያው እናዘነብላለን። ነገር ግን ወደ 10,000 ዓመት ከልደት በፊት ተመልሶ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ የመሥራት ዕድል ያገኘ ጌም፣ ዛፉን፣ ማሞዙን፣ ቋንቋውን ሳይቀር ከሥር ከፈጠረ በኋላ፣ የሰውን ባሕርይ ብቻ ካለፈው ጌም ኮፒ አድርጎ ሲለጥፈው ያስቆጫል።

ያላችሁበትን ኮምፒውተር ከቻለ ተጫወቱት፤ ለሌሊቱ፣ ለቋንቋው፣ ለዚያች እጅ ተዘርግታ ለምትቆይባት ቅጽበት ሲባል ይገባዋል። ቀጣዩ ጌም፣ «ፋር ክራይ 5»፣ በ2018 ወደ አሜሪካዋ ሞንታና ሄዶ ጠመንጃውን መልሶ አነሳ። ማላመዱንም አልተወውም፤ ድብ፣ ፑማና ውሻ ጓደኛ ሆነው አብረውን ይሄዳሉ። ከዘቦቹ ጋር ግን አሁንም የምንነጋገረው በጥይት ነው።