ጕልበት በተጨመረላቸው ሞተሮች ስለ ኮፓ መተንፈሻ፤ አንድ ሒስ

በአሶሳም ሆነ በአዲስ አበባ ጋራዦች አንድ አስተያየት ሲደጋገም እንሰማለን፤ ይኸውም «ቱርቦ የተጨመረለት ሞተር የኮፓው መተንፈሻ ቱቦ ከአየር ፊልትሮው ተነቅሎ ወደ ውጭ ቢለቀቅ ይሻላል» የሚለው ነው። አስተያየቱ ከሥራ ልምድ የመነጨ ስለ ሆነ በንቀት ልናልፈው አይገባንም፤ ዳሩ ግን ልምድ ሳይመረመር ሕግ ሊሆን አይችልም።

አስቀድመን ነገሩን እናብራራ። በሲሊንደር ውስጥ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፋሻዎቹ ዙሪያ ሾልኮ ኮሎው ወደሚዞርበት ክፍል ይወርዳል። ያልተቃጠለ ቤንዚን፥ የውሃ እንፋሎትና አሲድ የሚፈጥሩ ነገሮች ይዟል። መውጫ ያጣ እንደ ሆነ ግፊቱ ፓራኦሊዮውን እየገፋ ዘይት ያስፈስሳል፤ እንፋሎቱም ከዘይቱ ተዋሕዶ ጭቃ ይሆናል። በቀድሞ መኪናዎች ይህ ጋዝ በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። የሎስ አንጀለስ የጢስ ጭጋግ ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ግን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1961 ጀምሮ በካሊፎርኒያ በሚሸጡ አዳዲስ የአሜሪካ መኪናዎች ጋዙን መልሶ ለማቃጠል የሚያስገባ ቫልቭ ተገጠመ።

የጋራዥ ባለሙያዎቹ አስተያየት እውነትነት የሌለው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አራተኛ ገደማ፥ አሶሳ ላይም በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል፤ ስለዚህ ባለመኪናው ቱርቦ ቢመኝ አይፈረድበትም። ቱርቦው አየሩን ሲያጭቀው በፋሻው የሚሾልከውም ጋዝ ይበዛል። 2 ሊትር የሚይዝ ሞተር በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር በስሌት 4,000 ሊትር አየር ይስባል፤ ከዚህ 1 በመቶው ብቻ ቢሾልክ በደቂቃ 40 ሊትር ነው። የዘይት ጉም የያዘው ጋዝ ወደ ሞተሩ ሲመለስ የአየር ማቀዝቀዣውን ያቆሽሻል፤ ቤንዚኑም ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ሞተሩን እንዲያንኳኳ ያደርጋል።

እንግዲህ በሽታው በትክክል ታውቋል፤ የተሳሳተው መድኀኒቱ ነው። በመጀመሪያ፥ ቱቦው ከፊልትሮው ተነቅሎ ቫልቩ በቦታው ቢቀር፥ ነጂው ነዳጅ በቀነሰ ቁጥር ሞተሩ ያልተጣራ አየር በተከፈተው ቱቦ ይስባል። በአሶሳ መንገድ በበጋ የሚነሣውን ቀይ አቧራ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ አቧራው ፋሻውን ይበላል፤ የተበላ ፋሻ ደግሞ ሹልኩን ያበዛል። በሁለተኛ፥ ሁለቱም ቢነቀሉ በኮፓው ውስጥ የሚያልፍ ንጹሕ አየር አይኖርም፤ በተለይ በክረምት በከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ብቻ ለሚሄድ መኪና እንፋሎቱ እዚያው ይቀራል። በሦስተኛ፥ ጢሱ ለተሳፋሪውና ለመንገደኛው ይተርፋል።

«የእሽቅድምድም መኪናዎች እንዲህ ያደርጋሉ» የሚለው መከራከሪያም አያሳምነንም። የእሽቅድምድም ሞተር ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፥ ሞተሩም በየጊዜው ተፈትቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ በነቀምቴ አድርጎ አሶሳ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም።

በእኛ አስተያየት የሚሻለው ይህ ነው፤ በኮፓውና በቱርቦው የአየር መግቢያ መካከል በውስጡ ወንፊት ያለው የተዘጋ የዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ ይግባ፤ በቫልቩ በኩል የቱርቦው ግፊት ወደ ኮፓው እንዳይመለስ የሚያግድ መዝጊያ ይኑር፤ ቱቦው ሰፊ ይሁን፤ ጣሳውም ሳይረሳ ይደፋ። ሁሉም ከመደረጉ በፊት ግን የሲሊንደሩ እመቃ ይለካ፤ ጣሳ ያረጀ ፋሻን አያድንምና።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ረዥም ዕድሜ እንዲያገለግሉን ግድ ነው። ዛሬ አንድ ቱቦ ነቅሎ የተገኘ ጕልበት ነገ ሞተሩን ራሱን የሚያስከፍል ከሆነ፥ ትርፍ ሳይሆን ብድር ነው።