ሳይቀረጽ የቀረው መስመር

በኮምፒዩተር ስክሪን እየተቀረጹ ለትምህርት መርጃነት የሚውሉ ዝግጅቶች እየበዙ በመሄዳቸው፣ ጥራታቸውን በጥሞና መመርመር ተገቢ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለዕጩ መምህራን የተዘጋጀ አንድ የጂኦሜትሪ ትምህርት ተመልክቶአል። መምህሩ ስለ ሦስት ማዕዘን ከፍታ ሲያስረዱ «ይህን ቀይ መስመር ልብ በሉ» ይላሉ፤ በስክሪኑ ላይ ግን ቀይ መስመር የለም። ድምፁ ተቀርጾአል፤ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ግን ጠፍቶአል።

ይህ በመምህሩ ቸልተኝነት ብቻ የሚመካኝ አይደለም። በስክሪን ላይ ለመሣል የሚያገለግሉ ብዙ ፕሮግራሞች መስመሩን የሚያሳርፉት በስላይዱ ላይ ሳይሆን፣ ከበላዩ በተዘረጋ ሌላ የማይታይ መስኮት ላይ ነው። ስለዚህ መቅረጫው የስላይዱን መስኮት ብቻ እንዲወስድ ከታዘዘ መስመሩ ይቀራል። እንደ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ባለ መቅረጫ «ዲስፕሌይ ካፕቸር» የተባለው ምርጫ ግን ስክሪኑን በሙሉ ስለሚወስድ መስመሩም አብሮ ይቀረጻል።

አስቀድሞ የተሣለ ሥዕል ማቅረብ ይበቃል የሚሉ አሉ። አስተያየቱ ግን በጥናት አይደገፍም። ሎጋን ፊዮሬላና ሪቻርድ ሜየር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ስለ ዶፕለር ክስተት የሚያስረዳ ትምህርት በቪዲዮ ተከታትለዋል። በመጀመሪያው ሙከራ የቀደመ ዕውቀታቸው አነስተኛ ከሆኑት መካከል መምህሩ ሲሥል ያዩት፣ ሥዕሉ ተሥሎ ከቀረበላቸው ይልቅ ያወቁትን በአዲስ ጥያቄ ላይ በማዋል በልጠው ተገኝተዋል። ሆኖም የመምህሩ እጅ ሳይታይ መስመሩ ብቻ በታየበት ሙከራ ይህን የመሰለ ብልጫ አልተረጋገጠም። እንግዲህ መስመሩን መቅረጽ የመጀመሪያው ግዴታ እንጂ የመጨረሻው አይደለም ማለት ነው።

በመሆኑም አዘጋጆች ከዋናው ቀረጻ በፊት የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀርጸው መመልከት፣ ከተቻለም የሚሥለውን እጅ በካሜራ ማሳየት ይገባቸዋል። የዕቅድ ባለሙያዎችም የተቀረጹትን ትምህርቶች ከመቁጠር አልፈው፣ በድምፅ የተነገረው ሁሉ በዓይን መታየቱን ሊያረጋግጡ ይገባል። ጠመኔ ይዞ በጥቁር ሰሌዳ የሚያስተምር መምህር መስመሩንም እጁንም ባንድነት ያሳያል። አዲሱ መሣሪያ ከጠመኔው አንሶ እንዳይገኝ መጠበቅ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።