ጫማ ውስጥ የተገኘው ገንዘብ፤ ስለ እንግሊዝ አገር የአማተሮች ዋንጫ የቀረበ አስተያየት

«አማተር» የሚለው ቃል ወደ ቋንቋችን ሲገባ ሁለት ትርጉም ይዞ ገብቷል። አንደኛው ያለ ደመወዝ የሚጫወት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሥራውን ጠንቅቆ የማያውቅ ጀማሪ ማለት ነው። የቃሉ ሥር ግን በላቲን «አፍቃሪ» ከሚለው የመጣ መሆኑን መዝገበ ቃላት የገለጠ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚህ ሦስቱ ነገሮች፣ ይኸውም አለመከፈል፣ አለመቻልና መውደድ፣ በእውነት አብረው የሚሄዱ ናቸውን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር፣ በእንግሊዝ አገር በ1893 ተቋቁሞ እስከ 1974 ድረስ ሲካሄድ ከነበረው የአማተሮች የጥሎ ማለፍ ዋንጫ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር ለእግር ኳስ ተጫዋች ደመወዝ መክፈል የተፈቀደው በ1885 ነው። ከዚያ በፊት የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ ሲወስዱ የኖሩት የታላላቅ ትምህርት ቤቶች የቀድሞ ተማሪዎችና እነርሱን የመሳሰሉ ባለጊዜ ሰዎች ነበሩ። በ1883 ግን ዋንጫው ወደ ሰሜን የፋብሪካ ከተሞች ሄደ፤ ወደ ቀድሞ ጌቶቹም አልተመለሰም። ከዚህ በኋላ ነው የእግር ኳሱ ማኅበር ደመወዝ ለማይቀበሉ ተጫዋቾች ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዋንጫ ያቆመው። በ1894 የመጀመሪያውን ፍጻሜ ያሸነፈው ኦልድ ካርቱዢያንስ የተባለው የቻርተርሃውስ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን ሲሆን፣ ይኸው ቡድን በ1881 ታላቁን ዋንጫ ወስዶ የነበረ ነው። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው፣ አዲሱ ዋንጫ በሜዳ ለተሸነፉ ሰዎች በጽሕፈት ቤት የተሠራ መጠጊያ ነበር ቢል አንፈርድበትም።

መጠጊያው ግን ብዙ አልቆየም። በማግሥቱ ዓመት፣ ማለት በ1895፣ ሚድልስብሮ ከብረት ፋብሪካዎቹ አጠገብ መጥቶ እነዚሁኑ ኦልድ ካርቱዢያንስ 2 ለ1 አሸነፈ። በ1898 ደግሞ ደገመ፤ በ1899 ደመወዝ መክፈል ጀመረና ከአማተሮቹ ተሰናበተ። በ1896 የቢሾፕ ኦክላንድ ቡድን ዋንጫውን ወሰደ። የቀድሞ ተማሪዎቹም በ1902 ለብቻቸው የአርተር ደን ዋንጫ የሚባል ሌላ ውድድር አቋቋሙ። አንድ ዋንጫ ለእነርሱ ተብሎ ተሠርቶ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ሌላ ማስፈለጉ የሚያስገርም ነው። ከዚያ ወዲያ የአማተሮች ዋንጫ በአብዛኛው በለንደን አካባቢ ክለቦችና በደርሃም አውራጃ የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች መካከል ሲመላለስ ኖረ።

ከሁሉም ይበልጥ ስሙ የሚጠራው ቢሾፕ ኦክላንድ ነው። ዋንጫውን 10 ጊዜ ወስዷል፤ ለፍጻሜም 18 ጊዜ ደርሷል። ከ1955 እስከ 1957 ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሲሆን፣ ይህን ማንም ሌላ ቡድን አላደረገውም። የትውልዱ ነገር ደግሞ ለእኛ በተለይ የሚስብ ነው። በ1880ዎቹ የደርሃም ጳጳስ የነበሩት ላይትፉት ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የመጡ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን በኦክላንድ ግንብ ያስተምሩ ነበር። በዚያች ከተማ ኳሱን ከተከሉት መካከል እነዚህ ተማሪዎች ይገኛሉ፤ የቡድኑ ማልያ ደማቅና ነጣ ያለ ሰማያዊ የሆነውም የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ቀለም ይዞ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ኳስና ጸሎት በአንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ አይተናልና ይህ አያስደንቀን ይሆናል። የሚያስደንቀው፣ ተማሪዎቹ ሄደው ቀለሙ በቆፋሪው ጀርባ ላይ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሕጉ አማተር ተጫዋች ለጉዞና ለማደሪያ ካወጣው ወጪ በቀር ምንም እንዳይቀበል ያዝዝ ነበር። ሕጉ ሲነበብ ለሁሉ እኩል ይመስላል። ነገር ግን አባቱ ርስት ያለው ወይም ጠበቃ የሆነ ሰው ቅዳሜን ኳስ ሲጫወት ቢውል የሚጎድልበት የለም፤ ከጉድጓድ በታች በሰዓት የሚከፈለው ሰው ግን ከሥራው በቀረ ቁጥር ከቤተሰቡ እንጀራ ይቀነሳል። በራግቢ ጨዋታ ይኸው የጠፋ የሥራ ቀን ይካስ አይካስ የሚለው ክርክር በ1895 የሰሜን ክለቦችን ገንጥሎ ሌላ ማኅበር አስቆሟቸዋል። በአማተር እግር ኳስ ግን በዚህ ጉዳይ ማንም አልተገነጠለም፤ በዚያ ፈንታ ሁሉም ዝም ማለትን መረጠ። ተጫዋቹ ገላውን ታጥቦ ሲመለስ ጫማው ውስጥ ጥቂት ሽልንግ ተቀምጦ ያገኛል፤ ማን እንዳስቀመጠው አይጠይቅም፤ አስቀማጩም አይናገርም። እንግሊዞች ይህን «የጫማ ገንዘብ» ብለው ጠሩት። የእኛ ሰው ቢያየው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ባለ ነበር።

ዝምታው አንድ ጊዜ ተሰብሯል። በ1920ዎቹ መጨረሻ የክሩክ ታውን ክለብ ከተፈቀደው በላይ ከፍሏል ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፣ ብቻውን ከመቀጣት ይልቅ የሌሎቹንም ገለጠ። በ1928 በዚያው አውራጃ ከ300 በላይ ተጫዋቾች ታገዱ። አንድ ሕግ በአንድ አውራጃ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ወንጀለኛ ካደረገ፣ ጥፋቱን በሰዎቹ ጠባይ ላይ ብቻ መፈለግ የተመራማሪ ሥራ አይመስለንም። ማኅበሩ ግን ሕጉን ሳይነካ 46 ዓመት ቆየ።

የ1951 ፍጻሜ የዚህን ሁሉ ምስጢር በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሳየ ጨዋታ ነው። በዌምብሌ 100,000 ሰው ፊት ቢሾፕ ኦክላንድና ፔጋሰስ ተገናኙ። ፔጋሰስን በ1948 ያቋቋመው የኦክስፎርድ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ሃሮልድ ቶምፕሰን ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የተውጣጡ ነበሩ። (ስሙም ቢሆን ተማሪ ያወጣው መሆኑ ያስታውቃል፤ የኦክስፎርዱ ክለብ በግማሽ ፈረስ በግማሽ ሰው፣ የካምብሪጁ በጭልፊት የሚጠሩ ስለ ነበሩ፣ ሲዋሐዱ ባለክንፍ ፈረስ ሆኑ።) እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ልጆች፣ የኦክስፎርድንና የካምብሪጅን ቀለም ከለበሰው የቆፋሪዎች ከተማ ቡድን ጋር ተጋጠሙ ማለት ነው። ፔጋሰስ 2 ለ1 አሸነፈ። በ1953 ደግሞ ተመልሶ ሃርዊችና ፓርክስተንን 6 ለ0 ረታ።

እኛም ተማሪዎች ስለ ሆንን ልባችን ወደ ፔጋሰስ ማዘንበሉን አንደብቅም። ያለ ሜዳ፣ ያለ ሀብት፣ ከፈተናና ከንባብ በተረፈ ጊዜ ተሰብስቦ አገር ያጨበጨበለትን ኳስ መጫወት ትልቅ ነገር ነው፤ የጫማ ገንዘብ ወሬም በእነርሱ ላይ አልተሰማም። ነገር ግን ንጽሕናቸው ከመልካም ጠባያቸው ብቻ የመጣ ነበር ለማለት አንደፍርም። ለመንጻት አቅም ነበራቸው። ደግሞስ በ1951 ያሠለጠናቸው ማን ነበር? ቪክ በኪንግሃም፣ ቀድሞ የቶትንሃም ደመወዝተኛ ተጫዋች የነበረው ነው። ኳሷን ተቀብሎ ወዲያው ሰጥቶ መሮጥ የሚለውን አጨዋወት ያመጣላቸው እርሱ ነበር። ታዲያ የአማተር ጨዋታ የራሱ የሆነ፣ ገንዘብ ያልነካው ጥበብ አለው ይሉ የነበሩ ሰዎች ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ብናውቅ ደስ ባለን ነበር።

ሌላም ጥያቄ አለን። በ1954 ክሩክ ታውንና ቢሾፕ ኦክላንድ፣ ሁለት ጎረቤት ከተሞች፣ በዌምብሌ 2 ለ2 ወጡ፤ በኒውካስል ሲደገም እንደገና 2 ለ2 ወጡ፤ በሦስተኛው በሚድልስብሮ ክሩክ 1 ለ0 አሸነፈ። ሦስቱን ጨዋታ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከፍሎ አየው። ሜዳውን ያከራየው ተከፈለ፤ ባቡሩ ተከፈለ፤ ጋዜጣው ተሸጠ፤ ማኅበሩም ድርሻውን አገኘ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ገንዘብ ቢነካ የሚረክስ ሰው ሆኖ የተገኘው፣ ሕዝቡ ሊያየው የመጣው ተጫዋች ብቻ ነበር። ፍቅር ያስፈልጋል ከተባለ ለምን ከአንድ ወገን ብቻ ይጠየቃል?

የዋረን ብራድሊን ታሪክ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ብራድሊ የትምህርት ቤት መምህር ሲሆን በ1956ና በ1957 ከቢሾፕ ኦክላንድ ጋር ዋንጫውን ወስዷል። በየካቲት 1958 የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋቾች በሙኒክ በአውሮፕላን አደጋ ባለቁ ጊዜ፣ ቢሾፕ ኦክላንድ ብራድሊን፣ ዴሪክ ሌዊንንና ታላቁን ቦብ ሃርዲስቲን ለተጠባባቂው ቡድን ርዳታ ላከ። ከሦስቱ ብራድሊ እዚያው ቀረና ደመወዝተኛ ሆነ፤ በ1959 ለእንግሊዝ ዋና ቡድን 3 ጊዜ ተሰለፈ፤ መምህርነቱንም አልተወም። አንድ ሰው ነው፤ እግሩም ያው እግሩ ነው። አማተር ሳለ የማይችል አልነበረም፤ ደመወዝ ከተቀበለም በኋላ ኳስ መውደዱን የተወ አይመስልም። በመግቢያችን ያነሣናቸው ሦስቱ ትርጉሞች በዚህ ሰው ላይ ተለያይተው ይታያሉ።

ስለ ዋንጫው መጥፋት ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዶች በ1974 ማኅበሩ በአማተርና በደመወዝተኛ መካከል የነበረውን ልዩነት ሲሰርዝ ፍቅር ከጨዋታው ወጣ ይላሉ። በዚያ ዓመት ቢሾፕስ ስቶርትፎርድ ኢልፎርድን 4 ለ1 አሸንፎ የመጨረሻውን ዋንጫ ወሰደ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው ውሸት ስለ ነበር መሞቱ ደግ ሆነ ይላሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ውሸት የነበረው ትርጓሜው ነው እንጂ ውድድሩ አይደለም። ውድድሩ ለትንንሽ ከተሞች አንድ የማይገኝ ነገር ይሰጥ ነበር፤ ይኸውም የሠፈር ልጆች፣ ፋብሪካውና ጉድጓዱ የሚያውቃቸው፣ እርስ በርስ እየተጣጣሉ እስከ አገሪቱ ትልቁ ሜዳ የሚደርሱበት መንገድ ነው። ማኅበሩ ትርጓሜውን አርሞ መንገዱን በስሙና በክብሩ መጠበቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን ውሸቱን ሲጥል የ80 ዓመቱን ስምም አብሮ ጣለው። እርግጥ ነው ተመልካቹ አስቀድሞም ቀንሶ ነበር፤ በ1950ዎቹ የታየው 100,000 በመጨረሻዎቹ ዓመታት አልታየም።

ለዚህ ፍርዳችን አንድ ማስረጃ እንጨምራለን። ከ1974 በኋላ ለትንንሽ ክለቦች ቬዝ የተባለ ሌላ ዋንጫ ተተካ፤ በዚህኛው ተጫዋች ይከፈለው አይከፈለው የሚጠይቅ የለም። ጥራቱ ከድህነት የመጣ ቢሆን ኖሮ የደርሃምና የአካባቢው ክለቦች በአዲሱ ሕግ በጠፉ ነበር። ነገር ግን በ2013 ስፔኒሙር ታውን ከደርሃም መጥቶ ተንብሪጅ ዌልስን በዌምብሌ 2 ለ1 አሸነፈ። ዌስት ኦክላንድ የሚባለው፣ ከቢሾፕ ኦክላንድ አጠገብ ያለ የቀድሞ የቆፋሪዎች መንደር፣ በ1961 በአማተሮች ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌ ገብቶ በዋልታምስቶው አቬኑ 2 ለ1 ተሸነፈ። በ2012ና በ2014 ደግሞ ለቬዝ ፍጻሜ እዚያው ሜዳ ተመልሶ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በ1961 የመንደሩ ልጆች ጫማ ውስጥ ምን አለ ብሎ የሚፈትሽ ሕግ ነበረ፤ በ2012 ግን ማንም አልፈተሻቸውም።