ቅደም ተከተል በፖሊመር ሰንሰለት፤ አንድ ስም ለሁለት ነገር

በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መጻሕፍት ፖሊመር ዘወትር የሚወከለው በቅንፍ ውስጥ በተጻፈ አንድ አሃድና ከቅንፉ ግርጌ በምትቀመጠው «ኤን» በተሰኘችው ፊደል ነው። ይህ አጻጻፍ እንደ ፖሊኢቲሊን ከአንድ ዓይነት ሞኖመር ብቻ ለተሠራ ሰንሰለት ይበቃል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የሞኖመር ዓይነቶች በአንድ ሰንሰለት ሲገኙ ግን ዋናውን ጥያቄ፣ ይኸውም የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ ይገኛል የሚለውን ይሸፍነዋል። «ቀበረ» እና «ቀረበ» የተጻፉት በሦስት ተመሳሳይ ፊደላት ሲሆን፣ ትርጉማቸውን የለየው የፊደላቱ ተራ ነው። በፕሮቲኖችም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ፍሬድሪክ ሳንገር እ.ኤ.አ. በ1955 ያጠናቀቀው ጥናት የኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች በተወሰነ ተራ የተሰደሩ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ሰው ሠራሽ ፖሊመሮችን ወደዚህ ደረጃ ለማድረስ የተደረገውን ጥረት ሰብስቦ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው የዣን ፍራንሷ ሉትዝ፣ የማኮቶ ኦውቺ፣ የዴቪድ ሊዩና የሚትሱኦ ሳዋሞቶ የዳሰሳ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የባዮሎጂንና የፖሊመር ኬሚስትሪን ሥራ በአንድ ዓይን በመመልከቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ሰው ሠራሾቹ በተግባር ስፋት ገና ከተፈጥሮዎቹ ጋር እንደማይወዳደሩም ደራሲዎቹ በግልጽ መናገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ነቀፋ የሚገባው ግን በስያሜው ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ቁጥጥር የተደረገበት ፖሊመር ማለት የተለያዩ ሞኖመሮች በሥርዓት የተደረደሩበት ነው ይባላል። «በሥርዓት» የሚለው ቃል ሁሉም ሰንሰለቶች አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ በአማካይ ብቻ ይመሳሰላሉ የሚለውን አይለይም። በዚህም ምክንያት በባሕርያቸው የተለያዩ ሁለት ስልቶች በአንድ ስም ተጠልለዋል።

የመጀመሪያው ስልት ሞኖመሮች በራሳቸው የአጸግብሮት ዝንባሌ እንዲሰለፉ የሚተው ነው። ፍራንክ ማዮና ፍሬድሪክ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1944 ያቀረቡት ቀመር እንደሚያሳየው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚወሰነው ማን የመግባት ዕድሉ እንደሚበልጥ እንጂ ማን በእርግጥ እንደሚገባ አይደለም። ስታይሪንና ማሌይክ አንሃይድራይድ ተራ በተራ የሚቀያየሩት ይህ ዝንባሌ እጅግ ስለሚያይልባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፋይፈርና ሉትዝ በማደግ ላይ ባለው የስታይሪን ሰንሰለት ላይ ማሌይሚዶችን በተመረጠ ሰዓት ጨምረው ወደሚፈለገው የሰንሰለቱ ክፍል እንዲገቡ አደረጉ። ብልሃቱ ቀላልና ጠቃሚ ነው። ሆኖም አንዱ ሰንሰለት አንድ ማሌይሚድ ሲቀበል ሌላው ሁለት ሊቀበል ወይም ጨርሶ ላይቀበል ይችላል። በቁጥጥር ሥር የዋለው የማሌይሚዱ አካባቢ እንጂ ትክክለኛ ቦታው አይደለም።

ሁለተኛው ስልት የሮበርት ብሩስ ሜሪፊልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ይፋ በሆነውና በ1984 የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት በዚህ ዘዴ፣ ሰንሰለቱ ከማይሟሙ የፖሊስታይሪን እንክብሎች ጋር ይያያዝና አሃዶች አንድ በአንድ ይጨመራሉ፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ትርፉ ታጥቦ ይወገዳል። እዚህ ላይ ተራው የሚወሰነው በሠሪው ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ 99 በመቶ ቢሳካ፣ ከ20 እርምጃ በኋላ ምንም ሳይጎድላቸው የሚገኙት ሰንሰለቶች 82 በመቶ ያህል፣ ከ50 በኋላ 61 በመቶ ያህል፣ ከ100 በኋላ ደግሞ 37 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው።

እንግዲህ አንደኛው ስልት ብዛትን ሲያስገኝ እርግጠኛነትን ያጣል፤ ሌላኛው እርግጠኛነትን ሲሻ በርዝመትና በብዛት ይከፍላል። በሰንሰለት ላይ መረጃ ጽፎ መልሶ ማንበብ ለሚሻ ሰው ልዩነቱ ወሳኝ ነው፤ ፊደሉ ከመስመር ወደ መስመር የሚለዋወጥ ጽሑፍ አይነበብምና። በኋላ የተጻፉ ጥናቶች ተራቸው በትክክል የተወሰነውን ፖሊመሮች በተለየ ስም መጥራታቸው ስያሜው ጠቦ እንደነበር ያስረዳል።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። መምህሩ «ቁጥጥር» የሚለውን ቃል ሳይመረምር ካስተላለፈ፣ ተማሪው ሰው በፋብሪካ የሕዋስን ሥራ ደግሟል ብሎ ይቀበላል። ተራን ጨርሶ ካላነሳም ፖሊመር ማለት አንድ ነገር ደጋግሞ መቀጠል ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የመቶኛ ስሌት ላቦራቶሪ ሳይጠይቅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራ የሚችል ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ለእርሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡለት፣ ተማሪው ስለ ማናቸውም አዲስ ፖሊመር ሲነገረው «ሁሉም ሰንሰለቶች አንድ ናቸውን?» ብሎ መጠየቅን ይማራል።